ሐኪሟ «ሶሪ» ያለች ዕለት

ጉለሌ፣ ጥር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ናይሮቢ ላለሽው ልጄ ለዓለምፀሐይ፤

እንደምን አለሽልኝ? የቁስቋሟ እመቤት በሰው አገር ክንፏን ትዘርጋልሽ። እኔ አለሁ። አለሁ ማለት ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያገኘሁትን ቀምሼ እተኛለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቂኝ።

ይህን የሚጽፍልኝ ስብሐት ነው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈው የታች ጎረቤታችን። እኔ ፊደል አለመቁጠሬን ታውቂያለሽ። መሠረተ ትምህርት ግቡ ብለው ሲሰበስቡን ሄጄ ነበር። የልጅ ልጄን የምታክል አስተማሪ «አባባ፣ አፍዎን ከፈት አድርገው ሀ ይበሉ» ስትለኝ ጥያት ወጣሁ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

እስካሁን ዝም ያልኩሽ መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ ነው። እዚያ ያሉት ቄስ እንዳረዱሽ ሰምቻለሁ። እትዬሽ፣ ባለቤቴ ሰርኬ፣ እናትሽ ስትሞት ከጀርባዋ ሳታወርድ ያሳደገችሽ አክስትሽ፣ በክብር ተቀብራለች። ቁስቋም ነው ያረፈችው። አርባዋንም አውጥተናል። አልነበርሽም ብዬ አልወቅስሽም፤ የሄድሽበትን ምክንያት እኔም አንቺም እናውቀዋለን፣ በወረቀት አናነሳውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እንዴት እንደሞተች ማንም በወጉ አልነገረሽም፤ እኔ ልንገርሽ። ሳል ጠንቶባት ነበር። ወደ ጳውሎስ ሲወረድ ያለችውን ትንሽ ክሊኒክ ታስታውሻለሽ፤ አሁን ዶክተር ናይር የሚሏት ህንድ ሐኪም ተመድባባታለች። ከአማርኛ የምታውቀው «የት ነው የሚያምህ» ብቻ ነው፤ ለሴቱም ለወንዱም እንደዚያው ነው የምትለው። ሰርኬን አስተኛቻት። የሳንባ ምች ነው ተባለ። መርፌ ወጋቻት፣ ሌላም ወጋቻት።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሐኪሟ ወጣች። የሚተረጉምላት ቁስል አጣቢው ድሬሰር በዳሳ ነው፤ ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ አልነበረም። ፊት ለፊቴ ቆመች። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና «ሶሪ» አለችኝ። «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለች ደጋገመችው። ገብቼ ሳይ ሰርኬ አልፋለች።

ዓለሜ፣ እንግሊዝኛ ባልማርም ሶሪን አውቃታለሁ። በእንግሊዙ መሐንዲስ ቤት ዘበኛ ሳለሁ የለቀምኳት ቃል ናት። ሶሪ ማለት በደልኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ ማለት ነው። ጥፋት የሌለበት ሰው ሶሪ አይልም። ሴትዮዋ በገዛ አፏ አመነች። መርፌውን አሳስታለች፣ ወይ መድኃኒቱን አሳስታለች፤ የቱን እንዳሳሳተች እሷ ታውቃለች።

ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ጉታ አመልክቻለሁ። የአማርኛውን ስብሐት ጽፎታል። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህንኑ ክስ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። ጠንካራ ይሁን። ሐኪሟ ራሷ እንድታነበው እፈልጋለሁ። በቋንቋዋ ገደለችኝ፣ በቋንቋዋ ትስማው።

ሰርኬ ላንቺ ያልሆነችልሽ ነገር የለም። በዚህ አታሳፍሪኝም።

መሸሻ፣ አባትሽ

ስብሐት ከታች «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ብሎ ጨምሮ ነበር። የልጅ ደብዳቤ ነው ብዬ አሰረዝኩት። ስርዙ ከታየሽ እሱ ነው።


ናይሮቢ፣ የካቲት 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናው። የእትዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ እዚያው የልብስ ስፌት ቤት እየሠራሁ ነው። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች ጥሩዎች ናቸው። አርባዋ ቀን ላይ ሻማ ይዤ እዚህ ካሉት የአገሬ ሰዎች ጋር ጸሎት አስደርሻለሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ማመልከቻውን ለመጻፍ ጥቂት ጊዜ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። የእንግሊዝኛ ማመልከቻ የራሱ ሥርዓት አለው፤ የሚያውቅ ሰው እስካጠያይቅ ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። ሐኪሟ ያንን ቃል ስትልዎ ፊቷ እንዴት ነበር? ድምፅዋስ? ሌላ የተናገረችው የለም? ያዩትን ሁሉ እንዳዩት ቢነግሩኝ ለጽሑፉ ይጠቅመኛል። ደግሞ ጓድ ጉታ ነገሩን ገና ካልጀመሩት፣ የኔ ጽሑፍ እስኪደርስ ቢያቆዩትስ? በችኮላ የተያዘ ነገር... እርስዎ ከኔ ያውቃሉ።

ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሹራብ ሰጥቻለሁ። ክረምት ሲመጣ ደረትዎን ይሸፍኑበት።

ሁልጊዜ የምታስብዎ
ዓለምፀሐይ


ጉለሌ፣ መጋቢት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዓለምፀሐይ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ሹራቡ ደርሶኛል። ይሞቃል። ማመልከቻው ግን አልደረሰኝም።

የሚያውቅ ሰው እስካጠያይቅ ትያለሽ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረስንሽ ለምን ነበር? ሰርኬ ነጠላዋን ሸጣ ደብተር የገዛችልሽ ሰው እንድታጠያይቂ ነው? ስብሐት «ይህን ላለዝበው?» አለኝ። አላለዝብም፤ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ፊቷ እንዴት ነበር ትይኛለሽ። ፊቷ ምን ይሠራልሻል? ዓይኗ ደም መስሎ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ምናልባት ሲጠጡ ያድሩ ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ በደለኛ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሌላ ያለችው የለም። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጥቂት ቆየች፣ ሲጠሯት ተነሥታ ሄደች።

ሶሪን ከምን እንደማውቃት ረስተሽ ከሆነ ላስታውስሽ። መሐንዲሱ ማኪናውን በኋላ ማርሽ ሲያስገባ ግራ እግሬን ረገጠኝ። ዘሎ ወረደ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ሶሪ! ሶሪ! ሶሪ!» አለ። በማግስቱ አዲስ ቦት ጫማ አመጣልኝ። እንግዲህ ሶሪ ይህች ናት። ሶሪ የሚለው የረገጠ ነው። የተረገጠ ሰው ሶሪ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ወጥ ቤቱም ሳህን ሲሰብር ሶሪ ይል ነበር። ሳህኑ አይልም።

ነገሩን አቆዩት ላልሽው ደግሞ፣ ዘግይተሻል። ባለፈው እሑድ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ጓድ ጉታ አስነሣኝ። ተነሣሁ። በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አፌ ተከፈተ። «ሐኪሟ በገዛ አፏ አምናለች፤ እኔ እንግሊዝኛዬ ለዚህች አታንስም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጓድ ጉታ «እንደ ጋሽ መሸሻ ነቅቶ የሚጠብቅ ያብዛልን» አለ። ያቺ ጠላ ሻጯ ሸዋገነት፣ ስታሾፍብኝ የኖረችው፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። የሺ የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ብድግ ብላ «ልጄን ከሞት ያወጣችልኝ እሷ ናት» ልትል ጀመረች። ተቀመጪ ተባለች። እኔም ተቀመጪ አልኳት።

አሁን ወረቀቱ ወደ ላይ ተልኳል። የቀረው የእንግሊዝኛው ነው። ላኪው። ካልላክሽው ግን በሰው አገር ሆነሽ አክስትሽን ረሳሽ እላለሁ፤ ለሰውም እናገራለሁ።

መሸሻ


ናይሮቢ፣ ሰኔ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ይህን ያህል መዘግየቴ ከንቀት አይደለም። ወረቀት ወስጄ ቁጭ እላለሁ፣ «ለውድ ጋሼ» እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልሄድ ይለኛል። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሣም ብያለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያስነብቡት።

እዚህ የመጣሁ ሰሞን የሆነውን ልንገርዎ። ገበያ ሄጄ ዝናብ ጥሎ ነበር። ዘንቢል ሙሉ ቲማቲም ይዤ አዳለጠኝና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ቲማቲሙ በየአቅጣጫው ሄደ። አጠገቤ ጎመን የምትሸጥ አንዲት አሮጊት «ሶሪ! ሶሪ!» አለች። ተነሣሁና ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ። «አንቺ ነሽ የገፋሽኝ? ለምን ገፋሽኝ?» አልኳት። በዚያኛው በኩል ያለው ሥጋ ሻጭም «ሶሪ» አለ። አንድ ብስክሌት የያዘ ሰው ከመንገዱ ማዶ «ሶሪ» አለኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ጋሼ! እኔም «ሁላችሁም ተመካክራችሁ ነው እንዴ የጣላችሁኝ?» ብዬ ጮህኩ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ ግን አልሳቀችም። ቀሚሷን ከእጄ አላቀቀችና ቲማቲሜን ትለቅምልኝ ጀመር።

እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ሶሪ ማለት ይቅርታ ነው ብሎ ነበር መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈልን። የእርስዎ መሐንዲስም ያለው ይህንኑ ነው፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ቃሏ በዚያ አታበቃም። ስንሰፋ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ ሴቶቹ ሁሉ «ሶሪ» ይሉኛል። አለቃችን ሥራ ሲጠፋ «ሶሪ፣ ዛሬ ሥራ የለም» ይላል። ያልሰማ ሰው «ሶሪ?» ይላል፣ ምን አልክ ማለቱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሊያልፍ ሲፈልግ «ሶሪ» ብሎ ይጋፋል። ለማኝን ባዶ እጁን የሚሸኝ «ሶሪ» ይለዋል።

የእትዬን መርዶ የሰማሁ ዕለት ደግሞ አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ እያደረጉ «ሶሪ» አሉኝ። ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ ናቸው እትዬን የገደሏት?

በኛ አማርኛ ለዚህ ቃል አለን። ልጅ ሲደናቀፍ እትዬ ምን ትል ነበር? «እኔን!» ትል ነበር። አንቺን ያገኘሽ እኔን ባገኘኝ ማለት ነው። የገፋ ሰው አይደለም እኔን የሚለው፤ ያዘነ ሰው ነው። ሐኪሟ በዚያ ጠዋት ያለችዎ ይህንን ነው። ሌሊቱን እትዬ ዘንድ ስትደክም አድራ፣ በቀላ ዓይኗ ወጥታ፣ አስተርጓሚ ስለሌላት በራሷ ቋንቋ «እኔን፣ እኔን» አለችዎ።

ይህን በየካቲት አውቄ ነበር። የመጀመሪያ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ገብቶኛል። ፊቷ እንዴት ነበር ብዬ የጠየቅሁት እርስዎ ራስዎ እንዲደርሱበት ብዬ ነው። ፈራሁዎት። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ የእትዬን ሞት የማሸክመው ሰው በማግኘቴ ልቤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። በዚህ አፍራለሁ። እኔ ዝም ስል ነው ስብሰባው የተሰበሰበው።

ማመልከቻውን አልጽፍም፤ ይማሩኝ።

ልጅዎ ዓለምፀሐይ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፤

የፍልሰታ በረከት ይድረስዎ። ደብዳቤዬ እንደደረሰዎ ከዚያ የመጣ ሰው ነግሮኛል። ታመው ይሁን ደህና ሆነው ግን አልነገረኝም። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝም እንኳ ይሻለኛል፤ ዝምታዎ ከበደኝ። ስብሐት በራሱ አንድ መስመር ቢጽፍልኝስ?

ዓለምፀሐይ


ጉለሌ፣ መስከረም 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምፀሐይ፤

እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ አሸጋገረሽ። አልታመምኩም። አፍሬ ነው።

የሰኔውን ደብዳቤሽን ስብሐት ሲያነብልኝ «እነዚህ ሁሉ ናቸው የገደሏት» ያልሽው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀጥል አልኩት። «እኔን» ያልሽው ላይ ሲደርስ በቃ፣ ሂድ አልኩት። ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሰርኬ እኔን ስትል ድምፅዋ መጣብኝ። ዕድሜ ልኬን በየቀኑ የሰማሁትን ቃል በሰው ቋንቋ ስለመጣ አላወቅሁትም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰለሽ? መንገድ ቀየርኩ። በክሊኒኩ በር ላለማለፍ ዳገቱን ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። በዚህ ጉልበቴ። እንዲያ ስሽሎከሎክ ሰነበትኩና አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቆሜ ሳለከልክ፣ መሸሻ ሌባ ሆንክ እንዴ አልኩ ለራሴ። ቀጥዬ ቀበሌ ሄድኩ።

ጓድ ጉታ ወረቀት ሲፈርም ደረስኩ። «ጋሽ መሸሻ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ቃሌን መልስልኝ» አልኩት።

«ቃል ዕቃ ነው እንዴ የሚመለሰው? ጉዳዩ እኮ ወደ ላይ ሄዷል።»

«ወደ ላይ የሄደ አይወርድም?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አጨብጭበናል። ያጨበጨብንበትን እጅ ምን እናድርገው?» አለኝ።

«ታጠቡት» አልኩት።

አልወደደውም። ስለ ዕድሜዎ ብዬ ነው የማልፍዎ አለኝ። እኔ ግን በእሑዱ ስብሰባ ሳልጠራ ተነሣሁ። «ዋሽቻለሁ ማለት አይደለም፤ ሳላውቅ አውቃለሁ ብያለሁ፤ ሴትዮዋ ያለችኝ እኔን ነው» አልኩ። የሺን ደግሞ ስሟን ጠርቼ «ያን ቀን ተቀመጪ ያለሽን አፌን ይቅር በዪው» አልኳት። መሬት መሬት ታይ ነበር። በዚህ መሐል ሸዋገነት ከኋላ «ጋሽ ሶሪ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩን ነው!» ብላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስሜን ጋሽ ሶሪ አድርጎታል። ሠፈር ውስጥ ሳልፍ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይሉኛል። ይበሉኝ። ስሙን የገዛሁት በገዛ አፌ ነው።

ነገር ግን ለሷ ምንም አልፈየድኩላትም። ድሬሰሩን በዳሳን መንገድ ላይ ጠብቄ ጠየቅሁት። የዶክተሯ ውል አይታደስም ተብሏል፤ ከመስቀል በኋላ ወደ አገሯ ትሄዳለች አለኝ። የተነገራት «ሕዝቡ ቅር ተሰኝቷል» ተብሎ ብቻ ነው። የትኛው ሕዝብ እንደሆነ አልነገሯትም። ሕዝቡ እኔ ነኝ፣ ዓለሜ።

ወጉን ታውቂዋለሽ። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳይ ማርኩህ ብሎ በእጁ ያወርድለታል። እኔ ፊት ሰዎች ተሸክመው ቆመው ያውቃሉ። እኔ ማንም ፊት ተሸክሜ አላውቅም፤ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ። ሶሪ ብያት ልመለስ አስቤ ነበር። ግን ያች ቃል አትታመንም፤ እሷ ደግሞ «እኔን» ያልኳት ቢመስላትስ? ድንጋይ ግን አንድ ነገር ነው የሚናገረው አልኩ። ከአጥሬ ሥር አንዱን ነቅዬ፣ ያንቺን ሹራብ ለብሼ፣ በጠዋት ወረድኩ። ካፊያ ነበር። ሰዉ ያየኛል። ሸዋገነት ከበሯ ላይ ሆና አየችኝ፤ ያን ቀን አላሾፈችም።

ክሊኒኩ በር ስደርስ ሕመምተኛው ተሰልፏል። ገና ልንበረከክ ጎንበስ ስል ሐኪሟ በመስኮት አይታኝ ኖሮ ሮጣ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ተጭኖት ጎብጦ ነው የታያት። «ሶሪ! ሶሪ!» እያለች መጣችና በሁለት እጇ ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ አነሣችው። ወገቤን ደገፈችኝ። ይህን ዕቃ ማን ነው በዚህ ዕድሜው ያሸከመው ብላ በዳሳን ተቆጣችው፤ እሱ ነው የነገረኝ።

አየሽ፣ በዚያ ሰዓት ትርጉም አላስፈለገኝም። ያች ቃል ስትወጣ ፊቷን አየሁት። ያን ጠዋትም ይኸው ፊት ነበር። አይቼው ነበር እኮ።

እዚያ ላይ መመለስ ይቻለኝ ነበር። በዳሳም «አባባ፣ በቃ አወረደችልዎ እኮ፤ ይግቡና ሻይ ይጠጡ» አለኝ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ሚስቱ የሞተችበት ምስኪን ሽማግሌ ነኝ ለሷ። ግን ሳታውቅ ያወረደችው ምን ይቆጠራል? ድንጋዩን ከመሬት አነሣሁና መልሼ ማጅራቴ ላይ ጫንኩ። ተንበረከክሁ። «ንገራት» አልኩት በዳሳን። «ሕዝቡ እኔ ነኝ በላት። የከሰስኳት እኔ ነኝ። ሶሪ ስትለኝ ገድያታለሁ ያለችኝ መስሎኝ ነው በላት።»

«ይተዉት እንጂ አባባ። አታውቅም እኮ። ልትሄድም ነው።»

«ልትሄድ ስለሆነ ነው። ንገራት።»

«ምን ይጠቅማታል?»

«ለኔ አትጠበብ፤ አፍህን አውሰኝ ነው ያልኩህ!»

ነገራት። ቀስ ብሎ ነገራት። የምትደግፈኝ እጇ ከወገቤ ላይ ሲነሣ ተሰማኝ። በዳሳ ጨረሰ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ጫማዋን ነው የማየው። ጭቃ የነካው ነጭ ሸራ ጫማ ነው። ጥቂት ቆመና ዞሮ ሄደ።

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች «ያውርዱት አባባ፣ ይታመማሉ» ይሉኛል። እኔ ምን ብዬ አወርደዋለሁ? ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። የአንዱን ሕፃን ለቅሶ እሰማለሁ፣ እሷ «የት ነው የሚያምህ» ስትል እሰማለሁ። ሥራዋን ነው የምትሠራው። ጉልበቴ መሬቱን ረሳው። ካፊያው ሹራቡ ውስጥ ገባ። ካፈርኩት ሁሉ ያ ዝምታዋ ይበልጣል፤ ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንቺም ዝምታዎ ከበደኝ ያልሽኝ ይህንኑ ነው።

ሰልፉ ሲያልቅ ወጣች። በዳሳን አልጠራችውም። ፊቴ ቆመች። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቴ አነሣችና አጥሩ ሥር ወስዳ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን በልብሷ ጠርጋ ተመልሳ ገባች። የመጀመሪያውን ጊዜ ስታወርድልኝ ሶሪ ሶሪ እያለች ነበር። በዚህኛው ሶሪ አላለችም።

በዳሳ «ማረችዎ ማለት ነው» አለኝ። እኔ እንጃ። ማርኩህ የሚለውን ቃል አላለችኝም፤ ወጉን አታውቅ። በላት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ለምኖ የሚያስብሉት ምሕረት ምን ያደርግልኛል?

በመስቀል ማግስት ሄደች። እኔ አሁንም በክሊኒኩ በር ነው የማልፈው። አዲስ ሐኪም ገና አልመጣም፤ ሕመምተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የሺም ልጇን አዝላ አይቻታለሁ። ሰላም አልኳት፤ ሰላም አለችኝ።

አንቺ ፈራሁዎት ያልሽው እውነትሽን ነው፤ የሚፈራ ሰው ነበርኩ። ከእንግዲህ ስሳሳት ቶሎ ንገሪኝ። ደህና ሁኚ። የወደቅሽ ቀን «እኔን» የሚልሽ ሰው አይጥፋ።

አባትሽ መሸሻ